የማይነጋው እርሻ

ጥር 4

ዝናብ፣ ያለ ወቅቱ። የጓዳው በር እንደገና አብጦ አልዘጋ አለ። መላጊያዬን አውጥቼ ጫፉን ላግ ላግ አደረግኩት፣ ተስተካከለ። ከዚያ ሥራ ፈታሁ። የባለቤቴን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ካረፈች ወዲህ የነካው የለም። አቧራውን በካልሲ ጠረግኩለት።

ያቺ ጨዋታዋ አለች... እርሻዋ። አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነበራትም። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ፣ ጎመን፣ ዶሮ፣ ዶሮ፣ ዶሮ። ጎመኑን አጠጣሁ። ሲመሽ ሴትዮዋን አስተኛኋት። ሊነጋ ሲል ማሽኑ ቀጥ። ጥቁር።

እኔም ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ጥር 5

ደግሜ ከፈትኩ። ያው ጠዋት። ያጠጣሁት ጎመን እንዳልጠጣ ሆኗል። እንደገና አጠጣሁ፣ አስተኛሁ። ሊነጋ ሲል... ቀጥ።

አሁን ትዝ አለኝ። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር አልነጋ አለኝ እኮ" ብላኝ ነበር። ትቀልዳለች ብዬ ነበር።

ጥር 7

ልጄ ደወለች። ነገርኳት። አጥፍተህ አብርተሃል ወይ ትለኛለች። ዕድሜ ልኬን ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስላታል? አናጢ ነኝ። በር የሚጣበቅበትን ቦታ ሳላገኝ ወደ ቤቴ የገባሁበት ቀን የለም። የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰደው አለች። የሚያውቅ ሰውማ እዚሁ ተቀምጧል አልኳት።

ጥር 9

ሙቀት ይሆናል ብዬ መስኮት ከፈትኩለት። አልሆነም። ጎመኑን ሳላጠጣ አስተኛኋት። አልሆነም። ጭራሽ ሳላስተኛት ብተዋትስ ብዬ ተውኳት። ቆማ ቆማ በቁሟ ወደቀች። ቀጥ።

ባለቤቴም እንደዚያው ነበረች። ተኚ ሲሏት እምቢ... መጀመሪያም ልብስ ስታጣጥፍ ነው የወደቀችው።

ጥር 12

አልነጋም።

ጥር 15

ተሸነፍኩ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጫማ ቤቱ አጠገብ ላለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት። ጸጉሩን ያንጨፈረረ ጎረምሳ ነው። ብርድ ልብሱን ሲገልጥ "አባባ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል" አለ። ሁሉን ጠርጎ ጨዋታውን ከዜሮ ሊጭንልኝ ተነሳ።

"እሱን የጠረግክ እንደሆነ አንተንም እጠርግሃለሁ" አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የማን ነው አለ። ነገርኩት። መጥረጉን ተወና ወንበር ሳበልኝ።

ቁጭ ብሎ የጨዋታውን አንድ ቀን እስከ ማታ አየው። ዶሮዎቹ ናቸው አለ። ባለቤቴ አንድም ዶሮ ሸጣ አታውቅም። አንድም ዕንቁላል አንስታ አታውቅም፣ ሁሉንም አስታቅፋለች። ሊነጋ ሲል ያ ሁሉ ባንዴ ይፈለፈላል፣ ማሽኑ መሸከም ያቅተዋል። የሚመዘግበው ደግሞ ሲነጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደዚያው ጠዋት ይመልሰኛል።

"ዶሮ ይሽጡ አባባ፣ ይነጋል።"

ልሽጥልዎት ብሎ ሲጀምር እጁን ያዝኩት። እኔው እሸጣለሁ አልኩ።

ጥር 16

አልሸጥኩም። ዶሮዋን ሲነኳት ስም ይወጣል። እሷ ያወጣችው ነው። "ነርሷ"። "ወሬኛዋ"። "ምራቴ"... ምራት የለንም እኮ። አንድ አውራ ዶሮ አለ፣ አጥር ላይ ወጥቶ አልወርድም ያለ። ነካሁት። "ሰውዬው" ይላል።

ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

ጥር 20

በየቀኑ እከፍተዋለሁ። ያቺኑ ጠዋት። ዝናቡ ያባራል፣ ውሻው ወደ በሩ ይጮሃል፣ ዶሮዎቹ ይወጣሉ። ባለቤቴ የነካችው የመጨረሻው ቀን ነው። በቃሌ ይዤዋለሁ። ሲመሽ ሳላስተኛት አጠፋዋለሁ። ምን ቸገረኝ?

ልጄ ደወለች። ሸጥክ ወይ? አልሸጥኩም። እስከ መቼ አባዬ? እዚህ ቀን ውስጥ እናትሽ አለች፣ ብሸጥ ይነጋና ትሄዳለች አልኳት። ለልጅ የሚባል ነገር አልነበረም... አምልጦኝ ነው። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

"እማዬ እኮ እንዲነጋላት ነበር የፈለገችው" አለች።

ስልኩን ዘጋሁባት።

ጥር 22

ልክ ናት። አልነግራትም።

ጥር 24

ምሳ ሳልበላ ተቀመጥኩ። ነርሷን ሸጥኩ። ይቅርታ አልኳት፣ ለዶሮ! ወሬኛዋን ሸጥኩ። ምራቴን ሸጥኩ። ሌሎቹንም ሁሉ ስማቸውን እያነበብኩ፣ ደህና ግቢ እያልኩ... የማላውቀው ገበያ ይወስዳቸዋል። ሰውዬውን ተውኩት። ማን ይገዛዋል እሱን?

ሴትዮዋን አስተኛኋት። ጨለመ። ሊነጋ ሲል ማሽኑን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ነጋ።

እልል የምል መስሎኝ ነበር። ጠጋኙ እንዳለው ወዲያው መዘገበው። አጥፍቼ ከፈትኩ፣ ያቺን ጠዋት ፍለጋ። የለችም። ደግሜ ከፈትኩ። የለችም። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ ቀብሯ ላይ፣ እምቢ ብዬ የያዝኩት ሁሉ ወጣ።

ከዚያ ለልጄ ደወልኩ። ነጋ አልኳት። ሌላ አልተናገርንም፣ ስልኩን ግን ማናችንም አልዘጋንም።

ጥር 25

ጎመኑ አድጓል። ያጠጣሁት ሳይጠፋ ሲያድር የመጀመሪያው ነው። ከተረፈች ዕንቁላል አንዲት ጫጩት ተፈልፍላለች። ስም ጻፍ ይላል፣ ካልጻፉ አያሳልፍም።

እጄ ወደ ባለቤቴ ስም ሄደ። አንድ ፊደል ጻፍኩ። አጠፋሁት። ዶሮ ናት፣ አንድ ቀን እኔው ራሴ እሸጣታለሁ። እሷን ሁለት ጊዜ አልሸኝም።

ፊደሉን ባንድ ጣት እየለቀምኩ "እንግዳ" ብዬ ጻፍኩ። ተቀበለኝ።

ባለቤቴ የማታውቃት የመጀመሪያዋ ዶሮ።