ሁለት ጊዜ ያረፉት የአቶ ገሠሠ ደምለው የሕይወት ታሪክ

ይህን የጻፍኩት የልጅ ልጃቸው እየሩስ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በአማርኛ የሚስተካከለኝ ስለሌለ አንዲት ቃል ያለቦታዋ አትገባም።

አቶ ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ደምለው አለምነህና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩዬ ገዱ በ1950 ዓ.ም. ዳባት ተወለዱ። በዳባትና በደባርቅ ተምረው በ1974 ዓ.ም. በአንድ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ የአውሮፕላን መካኒክ ሆኑ። በ1977 ዓ.ም. ወ/ሮ ሸጊቱ ክንዴን አግብተው አራት ልጆች ወለዱ።

አሁን ወደ በደሉ ልግባ። በ1994 ዓ.ም. የአንዲት ትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን የማረፊያ እግር ዘይት ያፈስ ነበር። አባባ «ቱቦው ሳይቀየር አትብረር» ብለው መዝገብ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፈዋል። አለቆቻቸው «ለዛሬ ትብረር፣ አንተም አብረህ ውጣና እያት» አሏቸው። ወጡ። እግሯ አልዘረጋ አለ። በሆዷ ተንሸራታ ቆመች፤ ሰው ግን አልተጎዳም።

ባልደረባቸው አቶ ታገኘ ቤታችን ወዳለበት ወደ ደባርቅ ደውለው «ገሠሠ በሰላም አርፏል» አሉ። ስልኩን ያነሱት ጎረቤታችን አቶ ውዱ «የት?» ብለው መጠየቅ ሲገባቸው እሪ አሉ! ድንኳን ተተከለ፤ እምዬ ሸጊቱ ጥቁር ለበሱ። በሦስተኛው ቀን አባባ ከጎንደር ሚኒባስ ወርደው «ማን ሞቶብን ነው?» ብለው እያለቀሱ ገቡ።

ይህስ ያስቃል። አለቆቻቸው ግን «የመካኒኩ ቸልተኝነት ነው» ብለው አባረሯቸው። የመዝገቡ ገጽስ? ጠፋ። ወረቀት ያለ አብራሪ ይበራል እንዴ? አባባ ደባርቅ ጋራዥ ከፍተው ፍሬናችሁን ሲጠግኑላችሁ ኖሩ፤ እናንተ ግን ጎማ በተነፈሰ ቁጥር «አውሮፕላን የጣለው ሰውዬ» አላችኋቸው። ዛሬ ደረት የምትደቁትም ብላችኋል! የጽሑፋቸው የካርቦን ቅጂ ከሳጥናቸው ተገኝቷል፤ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከንፈር ከመምጠጣችሁ በፊት አንብቡት።

አቶ ገሠሠ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው በሰላም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆችንና ሰባት የልጅ ልጆችን ትተውልናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጎማ በማያስፈልግበት ሜዳ ያሳርፍልን።

ይህን ሳነብላቸው እምዬ ሸጊቱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፦

«አንቺ ዐዋቂ! ‹አረፉ› ብለሽ ደግሞ ሚኒባስ ልታስጠብቂኝ ነው? ሞቱ በይ።»