T ማለት ታች

ሰኞ፣ መርከብ ላይ

የመጨረሻው የባሕር ወለል ጭቃ ናሙና ወጣ! ባሕሩ ዛሬም ቢከፋ ኖሮ በጎዶሎ ሥራ ወደ ሲያትል መመለሳችን ነበር። ጠዋት ጸጥ አለልን። ረጅሙን የብረት ቱቦ አወረድነው። ቀድማ የምትወርደው ትንሿ ክብደት የባሕሩን ወለል ስትነካ ትልቁ ከነቱቦው ይለቀቅና ጭቃው ውስጥ ይሰካል፤ ውስጡ ያለው ፒስተን ደግሞ ጭቃው ሳይጨማደድ ወደ ቱቦው እንዲገባ ያደርጋል። እስከ አፉ ሞልቶ መጣ። አለቃዬ ካረን ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ቱቦውን በገመድ የሚያወርደውንና የሚያወጣውን ዊንች የሚነዱት ጋሽ መኮንን ናቸው። ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። ቱቦውን ስድስት ቦታ ስንቆርጠው መጥተው አገዙኝ። ነጭ ክዳን ለላይኛው ጫፍ፣ ቀይ ለታችኛው ነው። ለአራተኛው ቁራጭ ነጭ ጎደለኝና ሁለቱንም ጫፍ በቀይ ከደንኩት።

«ልጄ፣ ታቹ የቱ ጋ ነው? ቶሎ ሌብል አድርጊው፣ ኋላ ይምታታል» አሉኝ።

በማርከር ጻፍኩ። እጄ በብርድ ደንዝዞ ነበር። የፍልሰታ ጾም ነውና ወጥ ቤቱ ያስቀመጠልኝን ባቄላ በልቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ወደብ ልንገባ ስንል

ጉድ ፈላ።

ማስታወሻዬን ስገለብጥ ትዝ አለኝ። አራተኛው ላይ T ስጽፍ አፌ «ታች፣ ታች» ይል ነበር። T እኮ የእንግሊዝኛው «ቶፕ» ነው፤ ላይ ማለት ነው! ከጋሽ መኮንን ጋር በአማርኛ ሳወራ እጄም አማርኛ ጻፈ ይሆን? ወይስ አልጻፈም? እርግጠኛ አይደለሁም። ይኼ ነው የሚያናድደው።

ሮጬ ዊንቹ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ያኔ የያዙት የቱን ጫፍ ነበር?»

«ምኑን አውቄው ልጄ? ሁለቱም ቀይ ነው።» ትንሽ አሰቡና «ሶ፣ ለፈረንጇ ንገሪያት። ባሕር ላይ የተደበቀ ነገር ጥሩ አይደለም» አሉ።

እሳቸው ምን አለባቸው፣ ቋሚ ሠራተኛ ናቸው። እኔ ገና ሙከራ ላይ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለሚሄደው ጉዞ ካረን ስም ዝርዝር የምታወጣው አርብ ነው። ያንን ጉዞ እንዴት እንደምፈልገው!

ረቡዕ

ቱቦዎቹን ላቦራቶሪው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ደረደርናቸው። አራተኛውን ራሴ ተሸከምኩት። ካረን በአጠገቤ አለፈች። አልነገርኳትም።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት፦
ምናልባት ትክክል ጽፌ ይሆናል።
ሥራ በዝቶባታል።
ነገ ይሻላል።

ሦስቱም የፈሪ ምክንያት ናቸው። ጭቃው የድሮ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ነው፤ ከተገለበጠ የኋላው ፊት፣ የፊቱ ኋላ ይሆናል። በባቡር ስመለስ ይህንኑ ሳብሰለስል መውረጃዬ ኮሎምቢያ ሲቲ አለፈኝ። ቀጣዩ ፌርማታ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ነገርኳት። ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ።

ካረን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታች የሚለውን እንደገና በይልኝ» አለች። አልኩላት። ራሷም ሞከረችው፤ «ታሽ» ሆነባት። አልሳቀችም። «ነገ ስንከፍተው እናያለን» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ተቆጥታ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ግን ደረቴ ቀለል ብሎታል።

አርብ

አራተኛውን ቁራጭ በቁመቱ ሰነጠቅነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ከዳገቱ የሚንሸራተተው አሸዋ ከባዱ ቀድሞ ይረጋል፣ ደቃቁ ከላዩ ያርፋል። ስለዚህ በየንብርብሩ ሻካራው ከታች መሆን አለበት። ካረን ጣቷን እየሰደደች ፈለገች።

ሻካራው በሙሉ ወደ T በኩል ነው።

በአማርኛ ነው የጻፍኩት። አፈርኩ። ካረን ግን ማርከሩን ሰጠችኝና «በትክክል ጻፊው፣ በሁለቱም ቋንቋ» አለች። የድሮውን T ሰረዝኩና ጻፍኩ። ከእንግሊዝኛው ጎን፣ በአንዱ ጫፍ «ላይ»፣ በሌላው ጫፍ «ታች»። መዝገቡም ላይ ምክንያቱን አስፍራ ስሜን ከሥሩ አስፈረመችኝ። እንግዲህ ቱቦው እዚያ ብርድ ውስጥ እስካለ ድረስ ስህተቴም አብሮት አለ።

ከሰዓት ዝርዝሩ ተለጠፈ። ስሜ አለ! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከጎኑ የሥራ ድርሻዬ ተጽፏል፦ ቱቦ መቁረጥና መሸከም። ጽሕፈቱን ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች።

ለጋሽ መኮንን ኮል አደረግሁላቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ኦኬ ልጄ፣ እኔም ከእንግዲህ መርከቡ ዴክ ላይ በእንግሊዝኛ ነው የማወራሽ» አሉኝ።

እንዳያደርጉት ለመንኳቸው።