የአፋር ክልል ክሪኬት ማኅበር መሥራች የመምህርት አዲስአለም ገብረሥላሴ የሕይወት ታሪክ

መምህርት አዲስአለም ገብረሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሥላሴ ባንተይርጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራኬብ ስዩም ሚያዝያ 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በምድር ባቡር ሠራተኞች መኖሪያ ግቢ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ሲያወሩ እንደሰማነው፣ ሕፃኗ መጀመሪያ የጮኸችው የድሬዳዋው ባቡር ጣቢያ ሲገባ ጥሩንባውን በነፋበት ቅጽበት ስለነበር አዋላጇ ማን እንደጮኸ መለየት ቸግሯቸው ነበር። ባቡሩ ወዲያው ዝም አለ፤ እሳቸው ግን ዝም አላሉም እየተባለ በቤታችን እስከ ዛሬ ይቀለዳል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዋሽ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው በናዝሬት ተከታተሉ። በሩጫና በመረብ ኳስ ትምህርት ቤታቸውን ወክለው ተወዳድረዋል። የመምህርነት ሥልጠናቸውን አጠናቀው በ1975 ዓ.ም. ገዋኔ ላይ በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ተቀጠሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተዛውረው ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ዛሬ በዚህ ግቢ ከቆማችሁት የአዋሽ ልጆች መካከል የእሳቸውን ፊሽካ ሰምቶ ቀጥ ብሎ ያልቆመ አለ ለማለት ይቸግራል። በ1982 ዓ.ም. የእርሻ ባለሙያ ከሆኑት ከአቶ ምስክር ወልደየስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ትዳር መሥርተው ወንጌላዊትንና ስዩምን ወልደዋል።

በ2003 ዓ.ም. የክልሉ ስፖርት ጽሕፈት ቤት የውድድርና ሥልጠና ባለሙያ ሆነው ወደ ሰመራ ተዛወሩ። በዓመቱ አንድ ቀን ከሥራ ወጥተው ሲሄዱ፣ እዚያ የሚያስተምሩ ህንዳውያን መምህራን በጥቁር ድንጋዩ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ አዩ። ያን ሁሉ ዘመን ስፖርት ያስተማሩት ሴት የሚያዩትን ማወቅ አቃታቸው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፣ ከመቺው ኋላ ሦስት ችካሎች ተተክለዋል። መምህርቷን ያስደነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ኳሷ የእንጨቱን ጫፍ ለኮፍ አድርጋ ከኋላ በቆመው ሰው እጅ ገባች። መቺው በጨዋታው ሕግ መውጣት ነበረበት፤ ዳኛው ግን አላየም። መቺው እንጨቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ራሱ ከሜዳ ወጣ። መምህርት አዲስአለም ይህን በተናገሩ ቁጥር ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። «ውጣ ሳይሉት የሚወጣ ተጫዋች አየሁ፤ ይህን ነው ለልጆቻችን የማስተምረው» ይሉን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኛ ቤተሰቦቻቸው በመጀመሪያ በሳቅ፣ በኋላም በመገረም ነው የተከታተልነው። ክሪኬት የሚባለውን ስም እንኳን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሎጊያ ውስጥ ጅቡቲ የሚመላለሱ አቶ ታጁ የሚባሉ የወሎ ሰው፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። መምህርቷ በጋራዡ ጩኸት መሀል ሄደው የክሪኬት ዕቃ ከጅቡቲ እንዲያመጡላቸው ለመኗቸው። አቶ ታጁ በሳምንቱ ፊታቸው በደስታ እያበራ ትልቅ ቀይ ክሪክ ከመኪናቸው አወረዱ። «ቲቸር፣ ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ክሪክ ሎጊያ ውስጥ አያገኙም። የጫነ ተሳቢ ያነሳል» አሏቸው። እሳቸውም የሰውየውን ደስታ ማጥፋት ስላልፈለጉ አመስግነው ተቀበሉ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ንብረት ክሪክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲያ የመንገዱ ሾፌሮች ሁሉ «ቲቸር ክሪክ» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር፤ እሳቸውም ሲጠሩ አቤት ይሉ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ መምቻዎች አዋሽ ውስጥ ከዋንዛ ተጠረቡ። ኳሱም በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ነበር። መምህርት አዲስአለም ከህንዳውያኑ ሕጉን ተምረው፣ መምህራንን ሰብስበው አሠልጥነው፣ በ2007 ዓ.ም. የአፋር ክልል ክሪኬት ማኅበርን መሠረቱ፤ ጸሐፊም ሆነው ተመረጡ። ሌሎች ቡድን አቋቁመው ዳኛ ይፈልጋሉ፤ እሳቸው በዳኛ ጀመሩ። የሠለጠነ ዳኛ ያላቀረበ ከተማ ቡድን እንዳያስመዘግብ፣ ዳኛም በገዛ ከተማው እንዳይዳኝ ወሰኑ። ጨዋታው ከሶላት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ፣ ውድድሩም ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ፀሐይዋ ሰው በምትምርበት ወቅት እንዲሆን አደረጉ። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ደግሞ ብዙዎችን ያስኮረፈ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ማኅበሩ ሦስት ዓመት በተከታታይ የክልሉን ሻምፒዮና ሳያጠናቅቅ ከቀረ ይፈርሳል፤ የሰመራው ሜዳም ለከተማው ይመለሳል። «ማኅተም ታቅፎ የሚቀመጥ ማኅበር አልፈልግም» ብለው ድርቅ ስላሉ ጉባኤው አጸደቀላቸው።

ሜዳው ራሱ ትልቅ ፈተና ነበር። በድንጋይ ላይ ኳስ ወዴት እንደምትነጥር አይታወቅም፤ ሣር ደግሞ በዚያ ሙቀት የሚታሰብ አይደለም። ሣር በሌለበት አገር በተደለደለ አፈር ላይ ምንጣፍ ተዘርግቶ እንደሚጫወቱ ከህንዳውያኑ ሰምተው ነበርና፣ የአፋር እናቶች ቤታቸውን የሚያለብሱበት ሰሌን ትዝ አላቸው። ወደ አፋምቦ ወርደው ሃያ ሜትር የሚረዝም ሰሌን እንዲሠሩላቸው እናቶቹን ጠየቁ። አንዲት አሮጊት «ይህን የሚያህል ቤት ያለው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ። መጫወቻ መሆኑ ሲነገራቸው ሴቶቹ እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ ሠሩት። እኔ የእኅታቸው ልጅ ኑሀሚን ያ ሰሌን መጀመሪያ ሲዘረጋ እዚያ ነበርኩ። ከዱብቲ በመጣ የወንዝ ጭቃ በተደለደለው መሬት ላይ አራቱ ማዕዘኖቹ በካስማ ሲወጠሩ፣ ጫፉም ጫፉን ሲያይ፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የነበረው ምድር ሜዳ ሲሆን አየሁ። ሰው ከዘንባባ ቅጠል እንዲህ ያለ ነገር ማውጣቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ሰሌኑ ተጠቅልሎ በአቶ ታጁ መኪና ላይ ከሰመራ አዋሽ፣ ከአዋሽ ሰመራ ይጓዝ ነበር። ሁሉም ከተማ በአንድ ሰሌን ላይ ስለሚጫወት «ሜዳችሁ ነው የበደለን» የሚል ሰበብ ጠፋ። በ2008 ዓ.ም. ሎጊያ መንገድ ዳር የመጀመሪያው የከተሞች ግጥሚያ ሲደረግ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ተሳቢ ላይ ወጡ። ጨዋታው የገባው ሰው አልነበረም፤ ግን የጭፍራ ቡድን ልጅ ኳሷን ከመንገዱ ማዶ ሲያሻግራት ያ ሁሉ መኪና አንድ ላይ ጥሩንባ ነፋ። መምህርት አዲስአለም ያን ቀን አለቀሱ። በጣም ደስ ሲላቸው እንጂ ሲከፋቸው የማያለቅሱ ሴት ነበሩ።

በ2016 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ የአፋምቦን መንገድ ስለቆረጠው ሻምፒዮናው ሳይጠናቀቅ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ግማሽ ፍጻሜው አዋሽ ላይ ሊደረግ ሰሌኑ እንደተዘረጋ፣ ሁላችሁም የምታስታውሱት የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማችንን አናወጣት። ምድር ከእግራችን ሥር ስትሸሽ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከገጠር ቀበሌዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጥተው ሜዳው ላይ አረፉ፤ ጥር ነውና መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ አራስ ሕፃናት ነበሩ። መምህርቷ ለጥቂት ጊዜ ቆመው ካዩ በኋላ ካራ አስመጡ። ማንንም ሳያማክሩ፣ ዘጠኝ ዓመት የተጫወቱበትን ሰሌን በእጃቸው እየቆረጡ ለእናቶቹ አደሉ። ዳኞቹ ያለቅሱ ነበር። እሳቸው «ምን ታለቅሳላችሁ? ያዙልኝ እንጂ በዚያ በኩል!» ብለው ተቆጡ። ውድድሩም በዚያው ተቋረጠ፤ ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው። ምን እየቆረጡ እንደነበር ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንቀጹን የጻፉት እሳቸው ናቸውና። በዚህ ሥራቸው የተሰማኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል የለኝም።

ወሬው አፋምቦ ሲደርስ እናቶቹ ሳይጠየቁ አዲስ ሰሌን ሠርተው ላኩ። እኚያ አሮጊትም «ይህን ደግሞ እንዳትቆርጪው» የሚል መልእክት ጨምረውበታል።

መምህርት አዲስአለም በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። በአዲስ አበባ ሕክምናቸውን እየተከታተሉ የዘንድሮውን ሻምፒዮና ከአልጋቸው ሆነው በስልክ መሩ። ሐኪሞቹ ስልኩን ሲቀሟቸው የነርሷን ይዋሱ ነበር። ስድስት ከተሞች ተወዳድረው አዋሽና ሰመራ ለፍጻሜ ደረሱ፤ ቀኑም ለዛሬ የካቲት 8 ተቆረጠ። ከዚህ ወዲያ የሚገፋበት ቀን አልነበረም። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በያዝነው ሳምንት ደግሞ ረመዳን ይጀምራል። ጾሙ ሲፈታ በዚያ ሙቀት ሰመራ ላይ ኳስ የሚያሯሩጥ የለም። ዛሬ ካልተጫወቱ ሦስተኛው ዓመት አለቀ፤ ማኅበሩም ፈረሰ።

ባለፈው ማክሰኞ የዳኞች ሰብሳቢዋ ኸሊዳ ከሎጊያ ድረስ ልትጠይቃቸው መጣች። የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ሳለች ጀምሮ ያሳደጓት ልጅ ናት። መምህርቷ የሚመጣውን ያውቁ ነበርና፣ ቢሞቱ እንኳ የእሑዱ ጨዋታ እንዳይቀር አዘዟት። ኸሊዳ ደነገጠች። «ቲቸር፣ አላህ ያሽርዎት እንጂ! እርስዎን ሳንቀብር እንዴት ኳስ እንጫወታለን? ሰው ምን ይለናል?» አለቻቸው። እሳቸውም «ሰው የሚለውን ለእኔ ተዉልኝ። ቀብሬ ላይ ባይሽ ግን እንጣላለን» አሏት። ልጅቱ እጃቸውን ስማ እያለቀሰች ወጣች፤ እሳቸው አላለቀሱም።

መምህርት አዲስአለም ዓርብ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ያን ዕለት ማታ ለፍጻሜው ሰመራ የገቡት ሁለቱም ቡድኖች አውቶቡስ ተከራይተው ወደዚህ ሊነሡ ነበር። ባለቤታቸው አቶ ምስክር ደውለው «መኪናውን መልሱት፤ ቃሏን አታፍርሱብኝ» አሏቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር አብረዋት የኖሯት ሴት በድኗ ገና ሳይቀበር ይህን ለማለት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አስቡት።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛንም እኅታቸውንና የእኅት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ዛሬ ከመካከላችን የሌሉ ልጆች አሏቸው። በአገራችን ከቀብር መቅረት ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችሁም ከጠዋት ጀምሮ «እነዚያ ያሳደገቻቸው የታሉ?» ስትሉ ሰምተናል። አትውቀሷቸው። ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት በዚህ ሰዓት ሰመራ ሜዳ ላይ ናቸው። ለቅሷቸውን ውጠው እየተጫወቱ ነው፤ ይህም ለእሳቸው የሚሠሩት ትልቁ ሥራ ነው።

ጨዋታው ሲያበቃ ኸሊዳ ለአቶ ምስክር ትደውላለች። ውጤቱን ከዚያ በፊት የሰማ ሰው ቢኖር እባካችሁ ለጎረቤቱም አይንገር። አፈሩ ቢለብስም ባይለብስም፣ አቶ ምስክር መቃብራቸው ዘንድ ቆመው መጀመሪያ ለእሳቸው ይነግሯቸዋል። ማን እንዳሸነፈ መስማት ከሚፈልጉት በላይ «ተጠናቀቀ» የሚለውን ቃል እንደሚጠብቁ እናውቃለን።

ምድርን አናውጦ የሚያጸና አምላክ የአገልጋዩን ነፍስ ሙቀትና ብርድ በማይነካት ማረፊያ ያኑርልን። ለአቶ ምስክር፣ ለልጆቻቸው፣ እዚህ ላለንና ሰመራ ላሉት ሁሉ መጽናናትን ይስጠን። አሜን።