የስቴላ ሆቴል ማዳማ

ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን
ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለወ/ሮ ወይኒ ገብረየሱስ፣

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ዘውዱ ሰሜን ነዳጅ ካምፕ ትራክ እየነዳ በሦስት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። ከተማው በነዳጅ ገንዘብ ሰክሯል፤ የቤት ኪራይ ጣራ ነክቷል። ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናውን ነገር ለመጻፍ እጄ ስለፈራ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ክው ብዬ ነው ያለሁት።

አንቺን የማመጣበትን ፎርም እየሞላሁ ነበር። «የአመልካች እናት» ይላል፤ አመልካቿ አንቺ ነሽና ለተብርሃን ገብረየሱስ ብዬ ጻፍኩ። «የአመልካች አባት» ይላል፤ ገብረየሱስ ልል ስል እጄ ቆመ። አንቺ ወይኒ ገብረየሱስ፣ እናትሽ ለተብርሃን ገብረየሱስ! ፈረንጅ የቤተሰብ ስማቸው ነው ብሎ ያልፈዋል። በእኛ ግን እህትማማቾች ናችሁ ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች አርባ ዓመት ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አላየኋቸውም። እንዲህም ሞኝነት አለ?

የስም መገጣጠም ይሆናል ብዬ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ሽሻይን ጠየቅኋቸው። ምጽዋ ተወልደው ያደጉ፣ አንቺ በምታወሪልኝ በዚያው በስቴላ ሆቴል አስተናጋጅ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እንደ ልማዴ ጉራዬን ነፋሁ።

«አያቴ እኮ የስቴላ ሆቴል ማዳማ ነበረች! በፊቱ በር ነበር የምትገባው» አልኳቸው። አንቺ እንደነገርሽኝ ነው ያልኩት፤ እመቤት ማለት መስሎኝ።

ሻያቸውን አስቀመጡ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህን ቃል ሰው ፊት እንዳትደግሚው፣ ፕሊስ። ማዳማ ማለት ጣሊያኑ ሳያገባ ቤቱ ያስቀመጣት ያገራችን ሴት ናት። ማሪጅ የለ፣ ፔፐር የለ፣ ምንም የለ።»

ጣሊያን ሆቴሉን ከባሕሩ ፊት ለፊት ሲሠራው የፊቱ በር ለነጭ ብቻ ነበር አሉ። የእኛ ሰው በጓሮ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ነው የሚገባው። የጋሽ ሽሻይ አባት እዚያ ምግብ አብሳይ ስለነበሩ የሁሉን ገመና ያውቃሉ። ለተብርሃን የሥራ አስኪያጁ ማዳማ ነበረች። አንቺ በተወለድሽበት በ1929 ነጭ ካገሬው ሴት ጋር እንዳይኖር ሕግ ወጣ፤ ሰውየውም እሷንም አንቺንም በጓሮ በር አስወጣችሁ። አባት ያልተቀበለው ልጅ በእናቱ አባት ይጠራል። ገብረየሱስ አያትሽ ናቸው እንጂ አባትሽ አይደሉም! ኋላ እንግሊዝ መጣ፣ ከዚያ የጃንሆይ መንግሥት፤ የፊቱ በር ለሁሉም ተከፈተ። ጋሽ ሽሻይ ነጭ ኮት ለብሰው በሩ ላይ ሲቆሙ እናትሽ በዚያ ስትገባ አንድ ቀንም አላዩዋትም። በመጨረሻ ሆቴሉንም ጦርነት አፈረሰው።

መኪናዬን እንዴት ነድቼ ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም።

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ስኳር ቅሜ «አልቀመስኩም» ስል በርበሬ ያጠንሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ቀጥሎ ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የቃሉን ትርጉም ሳታውቂ ነው የነገርሽኝ፣ ወይስ አውቀሽ፣ እናትሽን ልታከብሪበት ብለሽ? በእናትሽ አላፈርኩም፤ ይህን እወቂልኝ። ያመመኝ ብቻሽን መሸከምሽ ነው።

ፎርሙ መጨረሻ ላይ «ያልኩት ሁሉ እውነት ነው» ብለሽ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ውሸት ከተገኘበት ውድቅ ነው፤ አንቺም ትቀሪብኛለሽ። የሰውየውን ስም ካወቅሽው ጻፊልኝ። ካላወቅሽው «አይታወቅም» ብዬ እሞላዋለሁ፤ ነውር የለውም። ጋሽ ሽሻይም ለማንም ላይናገሩ ቃል ገብተውልኛል።

አንድ ነገር ግን ለፎርሙ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ። ያ ሰው አንድ ቀን እንኳ አቅፎሽ እንደነበር እናትሽ ነግራሽ ታውቃለች?

ለድሀ አደጎች አባት የሆነው ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ልጅሽ ገኒ