«ወጥታለች» ተብላ አዳራሽ ውስጥ ስለቀረችው እናቴ

ለአውሮፕላን ማረፊያው የጊዜያዊ መግቢያ ፈቃድ ክፍል የተከበሩ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መስታወት ማንም የማይደርስበት ይሁን፤ ቤተሰብዎም በያሉበት ደህና ይሁኑልዎ። እኔ ልብስ በመስፋት የምተዳደር የአንዲት መንገደኛ ልጅ ነኝ።

አስቀድሜ ላመስግን። እናቴ ወደ እህቴ ስትጓዝ አውሮፕላን ለመቀየር እዚህ ወርዳ፣ ቪዛ ባይኖራትም የአሥር ሰዓት ፈቃድ ሰጥታችኋታል። ፓስፖርቷን በመያዣነት ተቀብላችሁ ቢጫ ወረቀት ሰጣችኋት፤ እኔም ከስድስት ዓመት መለያየት በኋላ አልጋዬን ለቅቄ አስተኛኋት። ሰዓቱ ሳያልፍ በእጄ መልሼ አስረከብኳችሁ።

ቅሬታዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ. ባለሙያዎ ቢጫውን ወረቀት ተቀብለው መዝገቡ ላይ «ከአገር ወጥታለች» የሚል ማኅተም የመቱት አውሮፕላኑ ሳይነሳ ነው። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና የት ይገኛል! አውሮፕላኑ ግን ተሰረዘ።

፪ኛ. እናቴ ፓስፖርቷን ብትጠይቅ፣ የወጣ ሰው ፓስፖርት አይመለስም ተባለች። አዲስ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ ፈቃድ ለደረሰ መንገደኛ እንጂ ለሄደ አይሰጥም ተባለች። ይኸው የመንገደኞች መቆያ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ የያዘችው መርፌ የአራት ቀን ብቻ ነበር።

፫ኛ. መድኃኒቷን ይዤ ስመላለስ የበሩ ጥበቃ በትሕትና «ነገ ነይ» ይሉኝ ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ ግን «የምን እናት?» ይሉኛል። እናቴ በአዳራሹ የጽዳት ሠራተኛ ስልክ በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር፤ አሁን ስደውል ይነሳል፣ የሚሰማኝ ግን የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ኧረ በፈጠራችሁ! ይቅርታ፣ ትሕትናዬ አመለጠኝ።

፬ኛ. ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ፈርቻለሁ።

ትናንት ከቢሮዎ የተላከልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ጉዳዩን ለመጨረስ» ነገ ጠዋት ብቻዬን እንድመጣ፣ ፓስፖርቴን መስኮቱ ላይ አስረክቤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ውስጥ እንድገባ ይጋብዘኛል። ስለ አሳቢነትዎ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እመጣለሁ። እናቴ ናት፣ ምን አደርጋለሁ?

የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ ከወንበርዎም የሚያነሣዎ እንዳይገኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ልጇ

ማስታወሻ፦ የቤቴን ቁልፍ ለጎረቤቴ ለአናጢው ሰጥቻለሁ። ካልተመለስኩ እኛን ፍለጋ መምጣቱ አይቀርም። እሱን እንኳ በደብዳቤ ለመጋበዝ እንዳይደክሙ፤ በመያዣነት የሚያስረክበው ፓስፖርት የለውም።