በድምፅ ብልጫ የተሻረ ምላስ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1972

ከየካ ሚካኤል እስከ መጠጥ ፋብሪካው በእግሬ ሄድኩ። ጭቃው ደርቋል። ጠዋት አምስት ናሙና ቀመስኩ፣ ተፋሁ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ይሄው ነው ሥራዬ፤ የመጠጥ ቀማሽ። «ልጄ ተምሮ ተምሮ ተፊ ሆነ» ትል ነበር እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሰሎሞን አስጠራኝ። ስለ መስከረሙ ምርት፣ ስለ ኡዞ አረቄው ነው። ላምባ ላምባ ይላል ብዬ ያገድኩት።

«ላቦራቶሪው ምንም አላገኘም። ላምባ የምትለው አንተ ብቻ ነህ።»

«ላቦራቶሪው አይጠጣማ። የሚጠጣው ሰው ነው።»

«ይሄ ሻጥር ይባላል፣ ታውቃለህ?»

ትእዛዙ ይሄ ነው፤ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን በውይይት ክበብ ቆሜ ግለ ሂስ አደርጋለሁ። ምላሴ ተሳስቷል ብዬ፣ ኡዞው ለሽያጭ ይውጣ ብዬ እፈርማለሁ። ካልሆነ ቀማሽነቴ አበቃ። አልፈርምም አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ነው የወጣሁት።

ቤት ስደርስ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ዓይን ይደክማል፣ ጉልበት ይደክማል… ምላስስ? ብሳሳትስ?

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ለኤጀታ ነገርኩት። የፋብሪካው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወዳጄ። ድሮ የአንድ አሜሪካዊ መኮንን ሾፌር ነበር። በ69 አሜሪካኖቹ ውጡ ሲባሉ ሰውየው ሦስት ጠርሙስ ቡርቦን ትቶለት ሄደ። የበቆሎ ውስኪ ነው፣ ውስጡ በተቃጠለ በርሜል የሚያቆዩት። ኤጀታ ሳይከፍተው አልጋው ሥር ደብቆት ኖሯል።

«ና ልፈትንህ» አለኝ። «መጀመሪያ እያየህ ቅመስ። ከዚያ ዓይንህን አስሬ እሰጥሃለሁ። ከለየህ ምላስህ ደህና ነው።»

ቤቱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጋ ነው። በጠርሙሶቹ ክዳን ቀመስኳቸው። ፈረስ የተሳለበት፣ ባለፈረሱ፣ ቫኒላ ይላል። አፉ በቀይ ሰም የታሸገው ወደ ማር ያደላል። ባለጥቁር ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። ልጅ እንኳ ይለያቸዋል አልኩ! ሚስቱ ዲንቄ የአባቷን የቀንድ ዋንጫዎች አወጣች፣ ለክብሬ። በነጠላዋ ዓይኔን አሰሩኝ።

አንዱንም አላገኘሁም። ሦስቱም አንድ ሆኑብኝ… ጭስ፣ ጭስ፣ ጭስ።

ኤጀታ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ግለ ሂሱን ጀመርኩ። «እኔ ዓምደ ሚካኤል…» ከዚያ አልሄድ አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጨረስኩት። አንድ ገጽ። በኪሴ ይዤ ለኤጀታ ላሳየው ሄድኩ። እሱ ገና ቤት አልገባም ነበር። ዲንቄ ደጅ ቁጭ ብላ የወተት ቅል በወይራ ታጥናለች። ጭሱ አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ቀጥ አለ።

«ዲንቄ… እሑድ ዋንጫዎቹን አጥነሻቸው ነበር እንዴ?»

«ታዲያስ ጋሼ! ላልታጠነ ዋንጫ ነው የምጠራዎት? ያውም ሁለት ጊዜ።»

ጭንቅላቴን ይዤ ሳቅሁ። ፋብሪካ ውስጥ ባዶውን ብርጭቆ ሳላሸት ቀምሼ አላውቅም። በሰው ቤት ግን የሰጡህን ዋንጫ ማሽተት ነውር ነው፤ ባለቤቲቱን ቆሻሻ ነሽ ማለት ነው። ስለዚህ አላሸተትኩም። የወይራው ጭስ ከተቃጠለው በርሜል የመጣ መስሎኝ! የጣለኝ ይሉኝታ ነው እንጂ ምላሴ አይደለም።

ወረቀቱን አውጥቼ ፍሙ ላይ ጣልኩት።

«ኧረ ጋሼ! ቅሌ ወረቀት ወረቀት ሊል ነው!»

ወይስ ሰበብ እየፈለግሁ ይሆን? እሑድ ይለያል።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ ዋንጫ የለም። በፈላ ውኃ የታጠበ ብርጭቆ ነው፣ ያውም አራት። ሦስት ጠርሙስ፣ አራት ብርጭቆ… ኤጀታ ተንኮል አስቧል። ዓይኔ ታስሮ ባዶዎቹን አንድ በአንድ አሸተትኩ። «እንግዲህ እኔንም ያሽቱኝ» አለች ዲንቄ።

አንደኛው ባለጥቁር ወረቀቱ። ሁለተኛው ባለፈረሱ። ሦስተኛው ባለቀይ ሰሙ። አራተኛውን ሁለት ጊዜ ቀመስኩት።

«ይሄም ባለቀይ ሰሙ ነው። ግን ውኃ ጠብ አድርገህበታል።»

ነጠላውን ራሴ ፈታሁት። ኤጀታ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«አንድ ማንኪያ ናት እኮ ዓምደ! አንድ የሻይ ማንኪያ!»

ደስታዬን ምን ልበለው። ከባለፈረሱ አንድ አንድ ጠጣን፤ ይሄኛውን አልተፋሁም። ከዚያ የዓርቡ ስብሰባ ነገር ተነሳ።

«እጅ አውጡ ሲሉ አውጣ» አልኩት።

«አብደሃል? ባንተ ላይ?»

«አራት ልጅ አለህ። እምቢታው የኔ ነው፣ ብቻዬን ልሸከመው። ካላወጣህ እቀየምሃለሁ።»

ጠርሙሶቹን መልሶ አልጋው ሥር ከተተ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ግለ ሂሱን አንብብ ተባልኩ።

«የማነበው የለኝም። የመስከረሙ ኡዞ ላምባ አለበት። ካላመናችሁኝ ዓይኔን እሰሩ። አሥር ስኒ ደርድሩ፣ በፈለጋችሁት ውስጥ ኡዞውን አስገቡት። አንዷን ብሳት አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ይሞከር!» አለ። ጓድ ሰሎሞን ጠረጴዛውን መታ። «ይሄ ሰርከስ አይደለም! እውነት የብዙኃኑ ናት፣ የአንድ ግለሰብ ምላስ አይደለችም። የጓድ ዓምደ ሚካኤል ምላስ ተሳስቷል የምትሉ፣ እጃችሁን!»

እጅ ወጣ። በመጀመሪያ ፊተኞቹ፣ ከዚያ እርስ በርስ እየተያዩ ሁሉም። ኤጀታም መጨረሻ ላይ አወጣ፤ እስከ ጆሮው ብቻ። እንዳያፍር ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መቶ አሥራ ሁለት ለዜሮ። ከሰኞ ጀምሮ ጠርሙስ አጠባ ተመደብኩ። እውነት እላለሁ፣ ቆስያለሁ። ግን አልፈረምኩም። አልፈረምኩም!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

እጄ በማጠቢያው ሶዳ ተላጠ። ኡዞው ወጥቶ እየተሸጠ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የመስከረሙ ኡዞ እየተመለሰ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ጠርሙስ አጣቢ ነው። ግማሽ እንኳ ሳይጠጣ በየሣጥኑ ይመጣል፣ እንደፋዋለን። ክፍሉ በሙሉ ላምባ ላምባ ይላል። አጣቢዎቹ እኔን እያዩ ይጠቃቀሳሉ።

ዛሬ ጠዋት ጓድ ሰሎሞን ብቻውን መጣ። ካፖርቱ ሥር ስኒ ይዟል።

«እስቲ ይሄን ይቅመሱልኝ። የኅዳሩ ምርት ነው። በኛ መካከል ይቅር።»

አንቱ አለኝ!

«እኔ ምን ምላስ አለኝ? በድምፅ ብልጫ ተሽሯል እኮ፤ ቃለ ጉባኤው እርስዎ ጋ ነው።»

«ጓድ ዓምደ… አሁን የግትርነት ሰዓት አይደለም።»

«በድብቅ አልቀምስም። እጅ ያወጡት ይምጡ፣ መዝገብ ይምጣ። በፊታቸው ቀምሼ በስሜ እጽፋለሁ። ደግሞ ቶሎ ይሁን፣ ሰው የሚጠጣው ነገር ነው።»

ፊቱ ቀላ። ስኒውን ይዞ ወጣ። ወደ ጠርሙሴ ተመለስኩ፤ ያጠብኩትን መልሼ አጠብኩ፣ ለራሴ አልዋሽም። አበዛሁት እንዴ? ቢያሳስረኝስ?

ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ሁሉም አይደሉም፣ ሃያ ይሆናሉ። ኤጀታ ከፊት ነው፣ መዝገቡን በሁለት እጁ አቅፎ። ጓድ ሰሎሞን ስኒውን ይዞ ከኋላ። እጄን በሽርጤ አደረቅሁ። ቀመስኩ። ተፋሁ። ይሄም ያው ነው።

«ይደፋ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ። ብዕሩን ለጓድ ሰሎሞን ዘረጋሁለት። ሰዉን አየ፣ እኔን አየ። ብዕሩን እንደዘረጋሁ ቆየሁ።

ከሥሬ ፈረመ።