ለልጅሽ ክፍል ድግስ ሄጃለሁ

ስትገቢ ጫማሽን ሳታወልቂ ይህን አንብቢ።

የልጅሽ ክፍል ድግስ ዛሬ ነው። የነገረችኝ እሷው ናት፤ አንቺማ ረስተሽዋል። መዋጮውን ከፍያለሁ፣ ስለሱ እንዳታነሺብኝ። ኬክ አመጣለሁ ብለሽ ለመምህሯ ቃል ገብተሽ ነበር አሉ። እሱንም ትናንት ጋግሬ ይዤው ሄጃለሁ። አንድ ጎኑ ትንሽ አሯል፣ በክሬም ሸፍኜዋለሁ።

ቁርስሽ ምድጃው ላይ ነው። አሙቂው።

እዚያ ክፍል ወላጅ የሚቀመጠው ከልጁ አጠገብ፣ በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ነው። ባለፈው ድግስ በአንቺ ፈንታ ስሄድ መምህሯ "ምኗ ነሽ?" አለችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ልጅሽ "እኛ ቤት ነው የምትኖረው" አለቻት።

አልዋሸችም።

እኔም ድግሱ እስኪያልቅ ከኋላ ቆምኩ። አጠገቧ ያለችው ወንበር ባዶ ነበረች።

ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል ተረኛ ሆነሽ ቆመሽ እንዳደርሽ አውቃለሁ። ኬኩ የሚቆረጠው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ትደርሻለሽ። ነይና ተቀመጪ።

ካልቻልሽ ግን ለመምህሯ ደውዪላትና ምኗ እንደሆንኩ ንገሪያት።

አንቺ ከነገርሻት እቀመጣለሁ።